ለጋውት ጥቆማ፦ የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው ምርመራ፣ የትኛው ክትትል ይሻላል?

ጋውት፣ ብዙዎቻችን ሪህ የምንለው በሽታ፣ ሲይዛችሁ ሰው ሁሉ የራሱን መፍትሔ ይጠቁማችኋል። አንዱ ማስታገሻ፣ ሌላው ቅጠል፣ ሌላው ደግሞ "ሥጋ ተው" ይላል። እኔም ከበሽታው ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ከሌሎች ታማሚዎችም ብዙ ሰምቻለሁ። ከጥቆማዬ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። የምትፈልጉት ዛሬ ማታ የተነሳውን ህመም የሚያበርድ ነው ወይስ በሽታውን ራሱን የሚያክም? ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ዓመታት የሚሰቃዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

እርግጥ አንሶላ ሲነካው የሚያስጮህ የእግር አውራ ጣት ይዞ ስለ ዘላቂ ሕክምና መስማት ይከብዳል። ስለዚህ ከተነሳው ህመም እንጀምር። ሐኪሞች የሚያዙት በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱን ነው፦ ኮልቺሲን፣ እንደ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ። ህመም በማብረድ ብዙም አይበላለጡም። ወሳኙ የእናንተ ጤና ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ከናፕሮክሲንና ከመሰሎቹ ቢርቅ ይሻለዋል። ስኳር ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ስኳሩ ከፍ ስለሚል እየለካ መሆን አለበት።

የኔ ምርጫ ኮልቺሲን ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ። ጣቱ መሞቅና መወጠር ሲጀምር የወሰዱትና በማግስቱ የወሰዱት ሰዎች የሚያወሩት ልዩነት ትልቅ ነው። ድሮ ተቅማጥ እስኪይዝ ድረስ በየሰዓቱ ይዋጥ ነበር። በ2010 የታተመ ጥናት ግን መጀመሪያ 1.2 ሚሊግራም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.6 ሚሊግራም መውሰድ ከዚያ ሁሉ ክኒን ባልተናነሰ እንደሚሠራ አሳየ። ሆድም ብዙ አያስቸግርም። አደራ የምለው፣ ኮልቺሲን ከልክ ካለፈ ይገድላል። እንደ ክላሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮች ጋርም ክፉኛ ይጋጫል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር እንዳይጀምር። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማስያዝም ቀላል የሚባል እርዳታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥቆማዬ ልምጣ። ዩሪክ አሲድ ሰውነት ሠርቶ በአብዛኛው በኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ደም ውስጥ ያለው ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ መሟሟት ያቅተዋል። ጨው ውሃ ውስጥ ሲበዛ ታች እንደሚዘቅጥ፣ እሱም መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች እየሠራ ይቀመጣል። ማስታገሻ እነዚህን ክሪስታሎች አይነካቸውም። ህመሙ ይጠፋል፤ ክሪስታሉ ግን እዚያው አለ። የሚሟሟው ቁጥሩ ከ6 በታች ወርዶ ሲቆይ ነው። ቆዳ ሥር የጠጠሩ እብጠቶች ላሉበት ሰው ደግሞ ሐኪሞች ከ5 በታች እንዲሆን ይመርጣሉ።

ለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዩሪክ አሲድን የሚያወርደው አሎፑሪኖል ነው። ከ1966 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን በማግኘት ሥራ የተሳተፉት ሳይንቲስቶች ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት መካከል ናቸው። ብዙ ሰው "ሞክሬው አልሠራልኝም" ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው የሚገኘው። አንደኛው፣ መጠኑ ሳይጨመር ቀርቷል። መድኃኒቱ በቀን በ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ፣ በደም ምርመራ ዩሪክ አሲዱ እየታየ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው። ለብዙ ሰው 300 ሚሊግራም አይበቃም፤ እስከ 800 የሚደርሱ አሉ። ሁለተኛው፣ በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ህመሙ ተነስቶባቸው ጥለውታል። ይህ መድኃኒቱ መሥራት የመጀመሩ ምልክት ነው፤ ክሪስታሎቹ ሲላቀቁ ቁጣው ይቀሰቀሳል። ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም ከአሎፑሪኖል ጋር ትንሽ መጠን ያለው ኮልቺሲን ከ3 እስከ 6 ወር የሚያዘው። ይህን ሳይነግራችሁ የሚሰጣችሁ ካለ ራሳችሁ ጠይቁት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽፍታ ከወጣባችሁ ወዲያው አቁሙትና ሐኪም ጋ ሂዱ። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ሕይወት ይቀጥፋል።

አሎፑሪኖል ያልተስማማው ሰው ፌቡክሶስታት አለለት። ከ40 ወይም 80 ሚሊግራም ጀምሮ ይሰጣል፤ ቁጥር በማውረድ ጎበዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 በልብ ሞት ምክንያት ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። በ2020 የታተመ ትልቅ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ከአሎፑሪኖል የባሰ አደጋ አላየበትም። የልብ በሽታ ያለበት ሰው ግን ከልብ ሐኪሙ ጋር ሳይማከር አይጀምረው እላለሁ።

የክትትሉ ነገር ከመድኃኒቱ ምርጫ ይበልጣል ባይ ነኝ። በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን በሠለጠኑ ነርሶች፣ ሌላው በተለመደው አሠራር ታከመ። ነርሶቹ ስለ በሽታው በደንብ ያስረዱ ነበር፤ መጠንም ቁጥሩ እስኪወርድ ይጨምሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከነርሶቹ ታካሚዎች 95 በመቶው ቁጥራቸው ከ6 በታች ወርዶ ተገኘ። ከሌላው ቡድን ግን 30 በመቶው ብቻ። መድኃኒቱ ያው አንድ ዓይነት ነው! ስለዚህ ሐኪም ስትመርጡ ማዕረጉን ብቻ አትዩ። "ቁጥሬ ስንት ነው? የት መድረስ አለበት? መቼ ልለካ?" ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን በትዕግሥት የሚመልስ ጠቅላላ ሐኪም፣ ማስታገሻ ብቻ ጽፎ ከሚሸኝ ስፔሻሊስት ይሻላል። ኩላሊት ከተጎዳ፣ እብጠቶች ከበዙ ወይም መድኃኒት አልያዝ ካለ ግን የመገጣጠሚያ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

በምርመራ በኩል፣ ህመሙ በተነሳበት ቀን የተለካ ዩሪክ አሲድ ሊያታልል ይችላል፤ ያን ሰሞን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዳነ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አስለኩት። ጥርጣሬ ካለ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ማየትን የሚያህል ማረጋገጫ የለም። በቤት ውስጥ ጣት ተወግቶ የሚለካባቸው መሣሪያዎች አቅጣጫ ለማየት ይጠቅማሉ። መጠን ለመቀየር ግን የላብራቶሪውን ውጤት እመኑ። መገጣጠሚያው አብጦ ከባድ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል እቤት አትቆዩ።

ስለ "ተፈጥሯዊ" ነገሮች ብዙ አልልም። የቼሪ ጭማቂና ቫይታሚን ሲ ቢረዱም ጥቂት ነው፤ መድኃኒት አይተኩም። ለመገጣጠሚያ እየተባሉ የሚሸጡ፣ በአንድ ቀን ህመም የሚያጠፉ ክኒኖች ግን ያስፈሩኛል። በ2022 የአሜሪካ ባለሥልጣን እንዲህ ያሉ ምርቶችን መርምሮ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን አግኝቶባቸዋል። አመጋገብን በተመለከተ ቢራን፣ የሆድ ዕቃንና ፍሩክቶስ በሚባለው ስኳር የጣፈጡ መጠጦችን ቀንሱ፤ ክብደትም ከበዛ ይውረድ። ጥራጥሬና አትክልትን መፍራት አያስፈልግም። በምግብ ብቻ የሚወርደው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። ስለዚህ ታማሚን "ራስህን አልገዛህም" እያላችሁ አትውቀሱት። የበሽታው ትልቁ ድርሻ የዘርና የኩላሊት ነው።

የደም ግፊት መድኃኒታችሁንም አሳዩ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል፤ ሎሳርታን ደግሞ በመጠኑ ያወርዳል። ራሳችሁ አትቀይሩት፤ ሐኪማችሁን "ይሄኛው ይሆነኝ ይሆን?" በሉት። ለልብ የታዘዘ ትንሹን አስፕሪን ግን ለጋውት ብላችሁ አታቋርጡ።