ካረጥኩ በኋላ ስለታየኝ ደም ምክራችሁን እጠይቃለሁ
ዕድሜዬ 54 ሲሆን የወር አበባዬ ከተቋረጠ 3 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር ግን ጥቂት ደም ታየኝ፤ ሕመም ስላልነበረው እስኪደገም ድረስ ችላ ብዬው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር እንዳለበት፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ቀላል ቢሆንም የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አንብቤአለሁ። ያየኝ ሐኪም ከማህፀን በር ብቻ ናሙና ወስዶ ውጤቱ ደህና ነው በማለት አሰናበተኝ። ይህ ምርመራ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ለመመርመር በቂ ስላልሆነ፣ በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድና ከሽፋኑ የሚወሰድ ናሙና እንዲታዘዝልኝ ሐኪሙን ሳላስቀይም እንዴት ብዬ ልጠይቀው? በዚህ ያለፋችሁ እህቶች ወይም ባለሙያዎች ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።