አንቀጽ 2 ላይ ሐሳብ እንስጥ፦ የዕውቀት መጋራት ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ አንቀጽ 2 ላይ ቆሟል። "ማንኛውም ባለሙያ በየወሩ የሚያውቀውን በቅጽ ሞልቶ ያስገባል" ይላል። ይለፍ ወይስ ይቀየር?

ከሞተር ጥገና፦ ይቀየር ባይ ነኝ። ዕውቀት በግዴታ አይወጣም። ቅጹ መሞላቱ አይቀርም፤ የሚጻፈው ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይሆናል። ጋሼን እንዴት እንደሚሠሩ አይታችኋል አይደል? የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና "ይሄኛው ኩሽኔታ ሊሄድ ነው" ይላሉ። ይህን በየትኛው ሠንጠረዥ ይሞሉታል? አጠገባቸው ቆሞ ያንን ድምፅ የሰማ ልጅ ግን አይረሳውም። ከባድ ብልሽት ሲገጥም አንድ ጀማሪ አብሮ ይጠራ የሚል ይግባልኝ።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ የተበላሸ ማሽን ፊት ቆሜ ስጠየቅ ሁሉም ይመጣልኛል። ቁጭ ብለህ ጻፍ ስባል ግን ግማሹ ይቀራል።

ከኤሌክትሪክ ክፍል፦ አቦ ልክ ነው፤ ግን ጽሑፍ ጭራሽ ይቅር እንዳንል። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ስንት አንጋፋ መካኒክ ሙያውን እንደያዘ ጡረታ ወጣ! የዜሮክስ ፎቶኮፒ ጠጋኞች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ የጀመሩት ዩሬካ የሚባል አሠራር ነበር። ጠጋኙ ያገኘውን መላ ይጽፋል፣ ሙያውን የሚያውቅ ባልደረባ ፈትሾ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ከነባለቤቱ ስም ለሁሉም ይደርሳል። ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን ስሙ ነበር። ይህ ለእኛም ይሆናል። ጋሼ ይናገሩ፣ ወጣቱ በስልክ ይቅረጽና ይጻፍ፣ የጋሼ ስም ከላይ ይቀመጥ።

አዲስ ገቢ፦ አንድ ነገር ልጨምር? በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ስጠይቅ "ይህን ሳታውቂ ነው የተቀጠርሽው?" ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። የሚጠይቅ ሰው ካልተከበረ የተቀረጸውም ሆነ የተጻፈው ለማን ይሆናል? እባካችሁ ይህ ከሁሉም በፊት ይምጣ።

ከሞተር ጥገና፦ እህቴ፣ ትክክል ብለሻል። አንደኛ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ አንቀጽ 2 እንዲህ ይነበባል፦ "የጠየቀ አይነቀፍም። ከባድ ጥገና ላይ ጀማሪ አብሮ ይቆማል። የተገኘ መላ በሁለት ባለሙያ ታይቶ፣ በአጭሩ ተጽፎ፣ ከነባለቤቱ ስም ይቀመጣል። በግድ የሚሞላ ቅጽ አይኖርም።" ማን ያስቀምጠዋል የሚለው ገና ነው። ቅዳሜ 11 ሰዓት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ከዚራ ሰፈር ተገናኝተን እንጨርሰው። የኤሌክትሪክ ክፍል አንድ የተቀረጸ ናሙና ይዞ ይምጣ።