የጣናው ፊልም ዕቅድ፦ መጽሐፉ ከልጁ እግር ሥር ነው

ከስክሪፕት ክፍል

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ያነበብነውን የፊልማችንን ረቂቅ ማታ ደግሜ አነበብኩት። ዘጠኝ ጠብና ሦስት የጀልባ ማባረር አለው። ግን ሌባው ምን እንደሚፈልግ እኛ ራሳችን አናውቅም። ይመጣል፣ ይመታል፣ ይሸሻል። ጀግናው ይከተለዋል። 40ኛው ገጽ ላይ ስደርስ "ቆይ ግን ለምን?" አልኩ። መልስ አጣሁ።

የጋራ ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጀግናውን ታሪክ ለጊዜው እንተወው። መጀመሪያ የባላንጣውን ዕቅድ ከሥሩ እንጻፍ። በአክሽን ትሪለር ታሪኩን የሚያስነሳው እሱ ነው። እሱ ባይንቀሳቀስ ጀግናችን ሥራውን ሠርቶ፣ ራቱን በልቶ ይተኛል። ዕቅዱ ጠንካራ ከሆነ ትልሙ፣ ማለትም የታሪኩ ሴራ፣ ራሱን ይይዛል።

እኔ ያሰብኩት ይኼን ነው። ሰውየው "የብራና መጻሕፍትን በፎቶ እመዘግባለሁ" ብሎ ወደ አንዲት የጣና ደሴት ገዳም ሦስት ወር ይመላለሳል። ሲመጣ ጧፍና ስኳር ሳይዝ አይመጣም። መነኮሳቱ ወደውታል። የሚያመላልሰው አንድ ወጣት ባለጀልባ ነው፤ ጀግናችን ይኼ ልጅ ነው። አንድ ቀን ሰውየው የብራናውን ወንጌል በካሜራ ሻንጣው ይዞ ይወጣል። ባሕር ዳር ወደብ ሊደርሱ ሲሉ ዳር ላይ ፍተሻ ያያል። ልጁ ፊቱን ወደ ሞተሩ ባዞረባት ደቂቃ መጽሐፉን በጃኬቱ ጠቅልሎ ከጀልባዋ ወለል ጣውላ ሥር ይሸጉጠዋል። ሲመሽ ተመልሶ ሊወስደው ነው። ሳይመሽ ግን ገዳሙ መጽሐፉ መጥፋቱን ይደርስበታል። ልጁ ይጠረጠራል። ጀልባዋም ወደቡ ላይ ትታገዳለች።

አሁን ሰውየው ምን አማራጭ አለው? ጀልባዋ ከዚያ መውጣት አለባት። በጨለማ ሐይቁን የሚያውቀው ደግሞ ልጁ ነው። ስለዚህ ራሱ ሌባው ልጁን ያስመልጠዋል። "እኔ አምንሃለሁ፣ ሌባውን አብረን እንፈልገው" ይለዋል። ልጁ እያለቀሰ እጁን ይስመዋል። መጽሐፉ ከእግሩ ሥር ነው።

ከካሜራ ክፍል

ይኼ ሃሪፍ ነው። ግን መጽሐፉ ጀልባው ውስጥ መሆኑን ተመልካቹ መቼ ይወቅ? እኔ መጨረሻ አካባቢ ይሁን ባይ ነኝ። 75ኛው ደቂቃ ላይ ጣውላው ብድግ ሲል አዳራሹ በሙሉ "ውይ!" ይላል። ሌላው፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የባጃጅ ማባረር ይግባልን። ድልድዩ ማታ በመብራቱ ያምራል። እንዲህ ያለ ቦታ እያለን ሳንጠቀምበት ብንቀር ይቆጨኛል።

ከስክሪፕት ክፍል

ወንድሜ፣ ስለ ጣውላው አልስማማም፤ ምክንያቴን ስማኝ። አልፍሬድ ሂችኮክ ደጋግሞ የሚያነሳው ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀና ቦምቡ ድንገት ከፈነዳ 15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡን ቀድሞ ካየ ግን ያ ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ልብ ሰቀላ ይሆናል። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ተነሱ እንጂ!" ይላል።

የእኛ ቦምብ መጽሐፉ ነው። 15ኛው ገጽ ላይ ሰውየው ጣውላውን ሲያነሳ እናሳይ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጀልባዋ ላይ ዳቦ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ከሰውየው ጋር ሲስቅ ሁሉ ተመልካቹ ወለሉን እያየ ይጨነቃል። አንድ ጥይት ሳንተኩስ 40 ደቂቃ እንይዘዋለን። የእኔ ሙግት እዚህ ላይ ነው፤ በቀላሉ አልተወውም።

ድልድዩን እኔም እወደዋለሁ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ቀጥ ያለና ገላጣ ነው፤ መደበቂያ የለውም። ለባጃጅ ማባረር ጠመዝማዛ ሰፈር ይሻላል። ድልድዩ የሚሆነው በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። የልጁ እህት ከአንዱ ጫፍ ትጀምር። ከወዲያኛው ጫፍ የሌባው ሰው ይምጣ። ሁለቱም ይተያያሉ። መሮጥ ያስነቃል፤ መመለስም ያስነቃል። በእርጋታ መራመድ ብቻ ነው ያላት። 380 ሜትር በእግር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እኛ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል እናሳጥረዋለን።

ለጠቦቹ ደግሞ አንድ መመዘኛ ይኑረን። ከጠቡ በኋላ የሆነ ሰው የማያውቀውን ካላወቀ፣ ያለው ነገር ካልጠፋበት ወይም ሐሳቡን ካልቀየረ ያ ጠብ ይውጣ። በዚህ ስመዝን ከዘጠኙ የሚተርፉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ከጀልበኛ አባላችን

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። ግን ሐይቁን አስተካክሉት። የድሮው ረቂቅ መጨረሻ ላይ ሰውየው በሞተር ያባርራል፣ ልጁ በታንኳ ያመልጣል። ይኼ አይሆንም። ታንኳ ደንገል ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ዳር አውጥተህ ፀሐይ ካላስመታኸው ቶሎ ይበሰብሳል። ሞተር ከች የሚልበት ወዲያው ነው። ልጁ በፍጥነት አያሸንፍም። ካሸነፈ በማወቅ ነው።

እምቦጩ የሞተሩን መዘውር ይይዘዋል ያላችሁትንም አየሁ። እምቦጭ የበዛው በሰሜንና በምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። እናንተ ደሴቷን ያደረጋችኋት እዚሁ በዘጌ አቅጣጫ ነው። ደግሞም እምቦጩ ሲወፍር ታንኳም አያሳልፍም። እሱን ተዉት። በእሱ ፋንታ የዓሣ መረብ አድርጉት። ማታ የተዘረጋ ቀጭን መረብ አይታይም። ሞተሩ ከጠቀለለው አለቀ፤ ያ ሞተር እስኪፈታ ድረስ ጀልባው ቆመ ማለት ነው። ልጁ መረቡ የት እንደተዘረጋ ያውቃል፣ ሰውየው አያውቅም።

ነፋሱን አትርሱ። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ይነሳል። ትልቅ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ጀልባን ያንገላታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ማንንም እንዳታስዋኙ። ጉማሬ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእንጨት ጀልባ ትንሽ ትንሽ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም። በየጊዜው ጣውላውን አንስተህ በጣሳ ትቀዳለህ። መጽሐፉን ወለሉ ሥር ካደረጋችሁት ይኼን አስቡበት።

ከስክሪፕት ክፍል

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን አንቀጽ ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰዓት ቆጣሪ ስንፈልግ ነበር፤ እርስዎ ሰጡን። ውሃው ነው ሰዓታችን። ነፋሱ ሲነሳ ውሃው ይጨምራል። ሌባው ልጁ ጣውላውን እንዳያነሳ "እኔ እቀዳለሁ፣ አንተ ንዳ" እያለ ይሽቀዳደማል። ልጁ ይኼን ሁሉ ደግነት ይለዋል። ሌባው ደግሞ መጽሐፉ እየራሰበት ነው፤ አውጥቶ እንዳያድነው ልጁ ፊቱ ተቀምጧል። አንድ ጣሳ ሁለቱንም ሰዎች ይገልጥልናል።

ከተዋንያን ክፍል

ስለ እህትየዋ ልናገር። ረቂቁ ላይ አራት ጊዜ ትታያለች። ሁለቴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትታገታለች፣ አንዴ ወንድሟን ታቅፋለች። እኔ ይኼን ሚና አልጫወትም፤ ሌላ እህትም እንድትጫወተው አልፈልግም። የሐይቁን ዳር ሴቶች እናውቃቸዋለን። ዓሣ የሚያጸዱት፣ የሚሸጡት፣ ቤት የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ይሁን። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሁሉ የእኛም ደሴት ሴት የማይገባባት ትሁን። እህትየዋ ያን ቀን አብራ ሄዳለች፤ ግን ከጀልባዋ አትወርድም። ቁጭ ብላ መረብ ትጠግናለች። ሰውየው ሲሄድ ሻንጣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ነው። ሲመለስ በሁለት እጁ አቅፎታል። ታያለች፤ ግን ምን እንዳየች አታውቅም። በኋላ፣ 55ኛው ገጽ አካባቢ፣ አንድ ሰው ሕፃን ልጁን እንደዚያ አቅፎ ሲያልፍ ታያለች። ያኔ ይገባታል። ደሴቷ ላይ መግባት አለመቻሏ ብቸኛዋ ምስክር ያደርጋታል።

መረቡንም እሷ ትዘርጋው። መጀመሪያ ላይ ስትጠግነው ካየን ያቺ ንግር ናት፤ በኋላ ለሚሆነው ቀድማ ትጠቁማለች። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ሲይዘው ከሰማይ የወረደ አይመስልም።

ከስክሪፕት ክፍል

እህቴ፣ ተቀብያለሁ፤ አንድም ቃል አልነካም።

ሚናዎቹን በዚሁ እንጨርስ። ቭላድሚር ፕሮፕ የተባለው የሩሲያ ተመራማሪ በ1928 እ.ኤ.አ. የአገሩን ተረቶች ፈትሾ ሰባት ሚናዎችን ለይቷል። ባላንጣ አለ፣ ጀግና አለ፣ ረዳት አለ፣ ጀግናውን ለተልእኮ የሚልክ አለ፣ ጀግና መስሎ የሚቀርብ ሐሰተኛም አለ። ለእኛ የሚጠቅመን ሚና ማለት በታሪኩ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው ማለቱ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሥራ ሊይዝ ይችላል። የእኛ ሌባ ሦስት ይዟል። ባላንጣ ነው፣ "ሂድ ሌባውን ፈልግ" ብሎ የሚልክ ነው፣ ረዳትም መስሎ አብሮ ይጓዛል። የትልሙ ጉልበት ከዚህ መደራረብ ነው የሚመጣው። ያለ ሥራ የቆሙት ግን ይውጡ። የጀግናው ጓደኛ ለምን እንዳለ ማንም አልነገረኝም። የወደቡ ዘበኛና መርማሪው አንድ ሰው ይሁኑ።

ከዲያቆን አባላችን

ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሚሰረቀው ታቦት ነበር። ብራና መደረጉ ደስ ብሎኛል። ታቦት ለፊልም ዕቃ አይሆንም፤ ይኼ ለውይይት አይቀርብም። ደሴቷም ስም አይኑራት። እውነተኛ ገዳም ላይ የሌብነት ታሪክ መለጠፍ ደግ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለቀረጻ የሚሠራው መጽሐፍ ላይ ቅዱስ ቃል እንዳይጻፍበት። ውሃ ውስጥ ሊነከር ነው። ከፍየል ቆዳ ባዶ ቅጠሎች ይሠሩ፤ ከሩቅ መስመር የሚመስል ጭረት ይበቃል። ብራና ቆዳ ስለሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ይኼን በቅርብ ማሳየት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ የዕቃ ቤቱን አባት አትርሷቸው። ቁልፉን የያዙት እሳቸው ናቸው። ሰውየውን ያመኑት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ጠፍቶ ሌሊቱን ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ሲቀመጡ አንዲት ትዕይንት ስጧቸው። ንግግር አያስፈልግም። ፕሮፖዛሉ ላይም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠቀስ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል መሆኑ ለሌባው ጥድፊያ ምክንያት ይሆነዋል።

ከሒሳብ ያዥ

አጭር ነው። በስክሪፕት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ብለናል። 118 ገጽ አንችልም፤ 95 ይሁን። ተናጋሪ ገጸ ባሕርያት ከ11 ወደ 6 ይውረዱ። የሌሊት ቀረጻ ከአራት ሌሊት አይበልጥ። ቀረጻው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ቢሆን ይሻላል። ፍንዳታ የለም።

ከስክሪፕት ክፍል

ፕሮፖዛሉ ላይ የሚገባውን የታሪክ አሳብ እንዲህ አርቅቄዋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንብባችሁ አስተያየት ስጡኝ።

"አንድ የጣና ጀልበኛ ባልሠራው የብራና ስርቆት ይጠረጠራል። ያስመለጠው ሰው ሌባው ራሱ ነው። የተሰረቀውም መጽሐፍ በገዛ ጀልባው ወለል ሥር ነው። ነፋሱ ተነስቶ ውሃው መጽሐፉ ጋ ከመድረሱ በፊት እውነቱን ልትመሰክርለት የምትችለው እህቱ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ዳር ላይ ናት።"

መካከሉ ላይ፣ 50ኛው ገጽ ገደማ፣ ታሪኩ ይገለበጣል። ልጁ ወንጀሉን አልሠራሁም እያለ ነው የኖረው። ጣውላውን ሲያነሳ ግን ያጓጓዘው ራሱ መሆኑን ያያል። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ስሙን ለማጽዳት ሳይሆን መጽሐፉን ለማዳን ነው የሚሮጠው። ሌባው ማወቁን እንዳያውቅበት ደግሞ እየሳቀለት መንዳት አለበት። አሁን የሚደብቀው ልጁ ነው። ጡዘቱ፣ ማለትም የታሪኩ ከፍተኛ ነጥብ፣ መረቡ ላይ ነው፤ ያለ ሽጉጥ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። መጽሐፉ ይተርፋል ወይስ ይበላሻል? የካሜራ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይትረፍ ይላል። እኔ የተወሰኑ ቅጠሎች እንዲጠፉ እፈልጋለሁ። ልጁ መጽሐፉን ለዕቃ ቤቱ አባት ሲመልስ ሁለቱም ገልጠው የጠፋውን ያዩ። እኔ ይኼን ትዕይንት ሳስበው ጉሮሮዬ ይያዛል። ግን ጋሼ ሊመልሱልን የሚገባ ጥያቄ አለ። በከሰዓት ነፋስ ውሃው ጣውላው ሥር ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሁለት ሰዓት ከሆነ ትልሙ ይያዛል። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ከ60ኛው ገጽ ወዲህ ያለውን እንደገና መጻፍ አለብኝ።

ከጀልበኛ አባላችን

በአፍ የሚመለስ አይደለም፤ እንደ ጀልባው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደብ ኑ። የእኔዋን አሮጌዋን አወጣታለሁ። ጠዋት ባዶዋን እናያለን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሁለት ሰው ጭነን እንወጣለን። አንዳችሁ ሰዓት ያዙ። ጣሳው እኔ ጋ አለ። ጣውላው ሥር የምናስቀምጠው የፍየል ቆዳ ግን ዲያቆን ይዞ ይምጣ።