ይግባኝ ለማለት ግማሹን መክፈል፦ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል ወይ?

የባለሱቁ ልጅ
አባቴ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ዘንድሮ የሂሳብ መዝገብህን አልተቀበልነውም ተብሎ በግምት ተወሰነበት፤ ፍሬ ግብሩ ብቻ፣ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር፣ 860 ሺህ ብር። በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አስገባን፣ ውድቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው፤ ለዚያ 30 ቀን አለን። ግን አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይግባኙ እንዲመዘገብ ከምንከራከርበት ግብር ላይ 50 በመቶውን ቀድመን እንድንከፍል ያዛል። 430 ሺህ ብር ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ተሽጦ ቢያልቅ እንኳ ይህን አያመጣም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት፣ ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብ መብት አለው ይላል። ማንኛውም ሰው! ግማሹን መክፈል የሚችል ብቻ አላለም። ስለዚህ ይህ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል እላለሁ። የማይስማማ ይሞግተኝ።

የቀድሞ ኦዲተር
እህቴ፣ የአባትሽ ነገር ያሳዝነኛል፤ በሐሳብሽ ግን አልስማማም። ረጅም ዓመት ግብር ኦዲት ላይ ሠርቻለሁ። ይህ ግዴታ ባይኖር ዕዳ ያለበት ሁሉ ጊዜ ለመግዛት ብቻ ይግባኝ ይል ነበር። ብር በየዓመቱ ዋጋው በሚወርድበት አገር ክርክሩን ሦስት ዓመት ያጓተተ ሰው በከፊል አሸነፈ ማለት ነው። አሠራሩም አዲስ አይደለም፣ በቀድሞው የገቢ ግብር አዋጅ 286/1994ም ነበረ። የእኛ ብቻም አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 በተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይ «መጀመሪያ ክፈል፣ ኋላ ተከራከር» የሚለው አሠራር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወስኗል።

ሕግ አዋቂ
የደቡብ አፍሪካውን ማንሳትዎ ጥሩ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ይንገሩን። እዚያ የግብር ኮሚሽነሩ ክፍያው እንዲቆይ የመፍቀድ ሥልጣን አለው፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ከግምት አስገብቷል። በእኛ አዋጅ የ50 በመቶው ግዴታ ላይ ለማይችል ሰው የተተወ መውጫ አላገኘሁም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ግዴታው መኖሩ አይከፋኝም፤ የሚከፋኝ 50 ሚሊዮን የሚያንቀሳቅሰውን አስመጪና የሠፈር ባለሱቅን በአንድ ሚዛን ማየቱ ነው።

የቀድሞ ኦዲተር
የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ትችላለች እኮ፣ አዋጁ ይፈቅዳል።

የባለሱቁ ልጅ
አውቃለሁ። ግን የይግባኙ 30 ቀን ማራዘሚያውን አይጠብቅልንም። ደግሞስ የለብኝም የምለውን ዕዳ በየወሩ ልክፈል ብዬ መፈረሜ ምን ዓይነት ክርክር ነው?

ከሚኒያፖሊስ
እዚህ አሜሪካ፣ እኛ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የሆነውን ልንገራችሁ። ጀራልዲን ታይለር የሚባሉ የ94 ዓመት አሮጊት 2,300 ዶላር ገደማ የንብረት ግብር ሳይከፍሉ ቀሩ። ወለድና ቅጣት ተደምሮ 15 ሺህ ደረሰ። ሄኔፒን ካውንቲ ቤታቸውን በ40 ሺህ ዶላር ሸጦ ትርፉን 25 ሺህም ለራሱ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ይህ ካሳ ሳይከፍሉ የሰው ንብረት መውሰድ ነው አሉ። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ግብር ከፋይ የቄሳርን ለቄሳር ይስጥ፣ ከዚያ በላይ ግን አይጠየቅም ብለው ጻፉ። እናንተም ይህን ብትጠቅሱ?

የቀድሞ ኦዲተር
እሳቸው ዕዳው የለብኝም አላሉም። ክርክሩ የተረፈው ገንዘብ የማን ነው የሚል ነበር። የዚች ልጅ ጥያቄ ሌላ ነው።

ሕግ አዋቂ
እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ሌላም ልዩነት አለ። አሜሪካኖቹ ሕገ መንግሥታቸው ላይ ከልክ ያለፈ መቀጮን የሚከለክል ግልጽ ቃል አላቸው፤ እኛ የለንም። ቅርብ የሚባለው አንቀጽ 100 ነው፦ ግብሩ ከገቢው ምንጭ ጋር የተያያዘ፣ መጠኑም ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ ይሁን ይላል። ግን የተጻፈው ግብር ለሚጥለው መንግሥት እንደ መመሪያ ነው፤ አባትሽን የሚያስጥል አይመስለኝም። አንቀጽ 37ን አጥብቀሽ ያዢ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እኛ አገር ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የሚወስነው ዳኛ አይደለም። በአንቀጽ 83 እና 84 መሠረት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ያጣራል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የፖለቲካ ምክር ቤት የመንግሥትን ገቢ የሚነካ ጥያቄ ሲመጣለት ምን ያህል እንደሚደፍር ያሳስበኛል።

ነጋዴ
እኔ ተበድሬ ከፍዬ፣ ተከራክሬ አሸንፌያለሁ። የከፈልኩትን እስኪመልሱልኝ ግን ሁለት ዓመት ተመላለስኩ፤ የአበዳሪዬን ወለድ የመለሰልኝ የለም። ቀድሞ መክፈል ለማይችል ብቻ አይደለም ከባድ፣ ለቻለውም ነው።

የቀድሞ ኦዲተር
ይህን አልክድም፣ የተመላሽ አሠራር ደካማ ነው። ኮሚሽኑ የከፋዩን አቅም አይቶ መጠኑን እንዲቀንስ ሥልጣን ይሰጠው ቢባል እኔም እደግፋለሁ። ግዴታው ጭራሽ ይነሳ ካላችሁ ግን አልስማማም።

የባለሱቁ ልጅ
እኔም ጭራሽ ይነሳ አላልኩም፤ አቅሙን የሚመዝን ይኑር ነው። አሁን ግን ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ አልችልም። ምን ላድርግ?

ሕግ አዋቂ
ይግባኙን ሳትከፍዪም ቢሆን በጊዜው አቅርቢ። ከአቤቱታው ጋር የባንክ ሂሳቡን መግለጫና የሱቁን የዕቃ ቆጠራ አያይዢ። መዝገብ አንከፍትም ካሉ እምቢታውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ። ያሉትን ደረጃዎች ሳትጨርሺ አጣሪ ጉባዔ ብትሄጂ ይመልሱሻል፤ ያ ወረቀት ከሌለሽ ደግሞ ደረጃውን ማለፍሽን የምታሳዪበት የለሽም።

የባለሱቁ ልጅ
ቀኑ የሚያበቃው ሐሙስ ነው። አባቴ ዛሬ ማታ ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን መቁጠር ጀምሯል፤ እኔም እጽፍለታለሁ።