በልብ ወለድ ሥልጠና ላይ ደራሲው ዝም እንዲል መደረጉ ተገቢ ነውን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የሦስት ወር የልብ ወለድ አጻጻፍ ሥልጠና ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆኖ፣ አሥራ አንድ ሰዎች አጭር ልብ ወለዴን አንብበው መጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲነጋገሩበት፣ እኔ ግን ደንቡ ነው ተብዬ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ተከለከልኩ። አንደኛው «አከራይዋም ተከራይዋም የሚያወሩት እንደ ዜና አንባቢ ነው» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መልስ እያለኝ መዋጤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለው አሠራር በእርግጥ ያስተምራልን? ወይስ አቋርጬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ባነብ ይሻለኛል?

መልስ 1፦ ደንቡን አሠልጣኙ የፈጠረው አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1936 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፍት ወርክሾፕ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣ ልማድ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ደራሲው አንባቢው አጠገብ ተቀምጦ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» ሊል ስለማይችል፣ ከወዲሁ ይልመደው ከሚል የመጣ ነው። ሆኖም እዚያው አሜሪካ ዝምታውን የሚነቅፉ፣ ደራሲው ጥያቄዎቹን አስቀድሞ እንዲያቀርብ የሚያደርጉ መምህራን አሉ። ይህንኑ ቢጠይቁ ነውር የለውም።

መልስ 2፦ እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝ። ጀማሪው ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) አጭር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ውሎ ለመምህሩ ሲነግር፣ ምሥጢሯ ካልሰመረ መምህሩ ያፈርስበታል፤ ነገር ግን አፍርሶ አይተወውም፣ ያቃናለታል። በእርስዎ ክፍል የጎደለው ዝምታው ሳይሆን ማቃናቱ ይመስለኛል።

መልስ 3፦ እኔን የያዘኝ የዜና አንባቢው ነገር ነው፤ ሳቁ ባያስፈልግም አስተያየቱ ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ ተከራይዋ ሁለት ገጽ ሙሉ አከራይዋን «እትዬ፣ እርስዎ» ስትል ቆይታ፣ የመብራት ሒሳብ ላይ ሲደርሱ በድንገት «አንቺ» ብትላት፣ ጠቡን ለመተረክ ሌላ ዐረፍተ ነገር ባላስፈለገ ነበር። እስቲ ምልልሱን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት።

ጠያቂ፦ አነበብኩት። ሁለቱም እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ «እርስዎ» እየተባባሉ ነው የሚጣሉት! ምልልሱን እንደ አዲስ ጽፌ ለቅዳሜ እወስደዋለሁ፤ ጥያቄዬንም አስቀድሜ ለአሠልጣኙ እሰጣለሁ። ሳቁን ግን ገና አልረሳሁትም።