ኢዴል አካባቢ በእግር የሄዳችሁ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ "ገጠሩን አሳየኝ" ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ከኢዴል ባቡር ጣቢያ ተነስተን፣ ሆሊንስ ክሮስ በሚባለው የኮረብታ ማለፊያ አድርገን ካስልተን መንደር ልንወርድ፣ ከዚያ ሆፕ ላይ ባቡር ይዘን ልንመለስ አስቤያለሁ። እዚያው አጠገብ ያለው ማም ቶር የሚባል ኮረብታ እንኳ 517 ሜትር ነው፤ እንጦጦን ለምታውቅ ሴት ቀልድ ነው።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ዳገቱን ቀስ እያለች ትወጣዋለች፣ አጥሩን ግን እንዴት ታድርገው? እዚህ አገር የሕዝብ የእግር መንገድ በገበሬው ማሳ መሃል ያልፋል፣ በሕግ የተጠበቀ መብት ነው፣ ግን አንዳንዱ አጥር በር የለውም፤ በጠባብ የእንጨት ወይም የድንጋይ ደረጃ ወጥተህ በወዲያኛው በኩል ትወርዳለህ። እሷ ደግሞ ከረጅም ቀሚስ ሌላ አትለብስም፣ ለምኜ ደከመኝ።

የብሪታንያ ካርታ ሥራ ድርጅት የሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይን ኦኤል1 የሚባል የአካባቢውን ካርታ ገዛሁ። አረንጓዴው ሰረዝ ሰረዝ መንገዱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ በር ይኑረው ደረጃ ግን አያሳይም። ረጅም ረጅም ሰረዝ ያለው ፈረስም የሚሄድበት ስለሆነ በር አያጣም ብዬ ገምቻለሁ። እሱን ብቻ ይዞ ካስልተን መድረስ ይቻላል? በቅርቡ የሄደ ካለ፣ የትኛው አጥር ላይ ደረጃ እንዳለ ይንገረኝ።

ደግሞ ላሞቹ! ጥጃ ያላት ላም አጠገብ መሄድ አደገኛ ነው ብላት አልሰማ አለች፤ እንደ ቤቷ ከብት ልትዳብሳቸው ነው የምትፈልገው። ግንቦት ላይ እዚያ ማሳ ውስጥ ጥጆች ይኖራሉ? ካሉ በየት በኩል ልዙር?