ከብድር ሥራ ወደ ወለድ አልባ አገልግሎት ለመሸጋገር ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ አበዳሪ ተቋም የብድር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ደመወዜ የእናቴን መድኃኒትና የታናናሾቼን ትምህርት ስለሚሸፍን ሥራውን በችኮላ መልቀቅ አልችልም፤ ይሁን እንጂ ወለድ መሰብሰብ ከሃይማኖቴ ጋር ስለሚጋጭ ኅሊናዬ ዕረፍት አጥቷል። በቅርቡ በቃሉ ወረዳ አንዲት እናት ወይፈናቸውን ሸጠው ያገኙትን ብር ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲቆጥሩልኝ፣ አብዛኛው ለወለድና ለቅጣት እንደሚውል ለማስረዳት አፌ ተሳሰረ። ብድር ብዙዎችን ሲጠቅም አይቻለሁና ሥራውን አላወግዝም።

በ2013 ዓ.ም. እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ስለጀመሩ፣ መደበኛ ባንኮችም ይህንኑ አገልግሎት በተለየ መስኮት ስለሚሰጡ፣ ልቤ ወደዚያ አዘንብሏል። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አሳውቆ በዱቤ የሚሸጥበት የሙራባሓ አሠራር በተለይ ይማርከኛል፤ ዕውቀቴ ግን ከንባብ አላለፈም።

ከብድር ሥራ ወደዚህ ዘርፍ የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ የቀድሞ ልምዳችሁ ተቆጥሮላችኋል ወይስ ከጀማሪ ደረጃ ተነሥታችኋል? ደመወዙ ቢቀንስ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እስከ ምን ድረስ ሊቀበል ይገባል? ከማመልከቴ በፊትስ የትኛውን ሥልጠና ባስቀድም ይበጀኛል?